የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ልትገነቡ ነው? ከማሽን ክፍሉ ጀምሩ

ገንዳ ይሠራ ተብሎ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ሰማያዊው ውኃ ነው። ስንት ሜትር ይሁን? መንሸራተቻ ይኑረው? ዙሪያው ሣር ይሁን ንጣፍ? ፓምፑና ማጣሪያው ስለሚቀመጡበት የማሽን ክፍል የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ገንዳው ከተመረቀ ከአምስት ዓመት በኋላ ክፍት መሆኑን ወይም በሩ ላይ ቁልፍ መንጠልጠሉን የሚወስነው ግን ያ ክፍል ነው። እሱና የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ደመወዝ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ማን ያስተዳድረዋል፣ ውኃው እንዴት ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ቁፋሮ።

1. ማን እንደሚዋኝ ቁጠሩ

ለሁሉም የሚመች አንድ ገንዳ የለም። ዋና የሚማር ልጅ ወገቡ ላይ የሚደርስ፣ 30 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውኃ ይፈልጋል። ለውድድር የሚለማመደው ወጣት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያለ፣ ጠለቅ ያለ ውኃ ይሻል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ደግሞ በብረት መሰላል መውረድ አይችሉም። ሦስቱንም በአንድ ጉድጓድ እናስደስታለን ካላችሁ ከሁለት ያጣ ይሆናል።

ንድፍ ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ቤቶችን፣ የስፖርት ክለቦችን፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትን፣ አረጋውያንን አነጋግሩ። "ገንዳ ትፈልጋላችሁ ወይ?" አትበሉ። መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው፣ ምንም አይጠቅማችሁም። "በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በሳምንት ሠንጠረዥ ላይ ሙሉት። ሥራ ቀን ረፋድ ላይ ባዶ የሆነ ሠንጠረዥ ብዙ ይናገራል። ፓምፑ ያኔም ይሠራል፣ ነፍስ አድኑም ያኔም ደመወዝ ይበላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለአብዛኛው ማኅበረሰብ የሚበቃው 25 ሜትር ርዝመት ያለው ዋና ገንዳ እና ከጎኑ ራሱን የቻለ ትንሽ የመማሪያ ገንዳ ነው። 50 ሜትር የሚል ሰው ከስብሰባው አይጠፋም። ሒሳቡን አሳዩት። 25 በ15 ሜትር የሆነ፣ በአማካይ 1.5 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ 560 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይይዛል። 50 በ25 ሜትር፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ደግሞ 2,500 ሜትር ኩብ። ከአራት እጥፍ በላይ ውኃ ማጣራት፣ ማሞቅ፣ ማከም ማለት ነው። በየቀኑ።

2. የዓመት ወጪውን አሁን ጻፉት

ግንባታ አንዴ ይከፈላል። ማስተዳደር ግን በየወሩ መጥቶ በር ያንኳኳል። መብራት፣ ማሞቂያ፣ ኬሚካል፣ ውኃ፣ የነፍስ አድኖች ደመወዝ፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ መለዋወጫ። ብዙ ጊዜ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስዱት ደመወዝና ኃይል ናቸው። ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ። ከጎኑ የመግቢያ ክፍያ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ጻፉ። የሕዝብ ገንዳ ዋጋው ዝቅ ማለት ስላለበት ልዩነት መኖሩ አይቀርም።

ልዩነቱን ማን ይሸፍናል? መልሱ "እናያለን" ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሚሸፍነው አካል በፊርማ ይግባ። በየዓመቱም ለእድሳት የሚቀመጥ ገንዘብ ይመደብ፤ ፓምፕ ያረጃል፣ የማጣሪያው አሸዋ ይለወጣል፣ ሴራሚክ ይነሳል።

3. ቦታ ምረጡ፣ አፈሩን ጠይቁ

ቦታው ለትራንስፖርት የቀረበ፣ ውኃና መብራት የሚደርስበት፣ ፍሳሹን የሚቀበል መስመር ያለው ይሁን። ዛፍ ጥላው ደስ ይላል፤ ግን ቅጠሉ ገንዳ ውስጥ ይወድቃል፣ ሥሩም ቧንቧ ይፈልጋል። ነፋስ የሚበዛበት ቦታ ላይ ውኃው ቶሎ ይተናል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይሄዳል።

ዋናው ጉዳይ ከመሬት በታች ያለው ነው። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ የተሳለ ንድፍ ሥዕል ብቻ ነው። ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው በዝናብ የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጠቅ ሸክላ አፈር ነው። እንዲህ ያለው አፈር ግድግዳ ይገፋል፣ ቧንቧ ይሰብራል፤ ቆርጦ አውጥቶ በተጠቀጠቀ ሙሌት መተካት ያስፈልግ ይሆናል።

ሁለተኛው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ገንዳ ባዶ ሲሆን መርከብ ይሆናል። ቀልድ አይደለም። 25 በ15 ሜትር የሆነ ወለል 375 ሜትር ካሬ ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃ ከወለሉ በ1 ሜትር ከፍ ካለ ከሥር ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 375 ቶን ነው። ገንዳው ሙሉ ሳለ ውስጡ ያለው ውኃ ተጭኖ ይይዘዋል። ለጽዳት ብላችሁ በዝናብ ወራት ባዶ ስታደርጉት ግን ሙሉ ኮንክሪቱ ሊነሳና ሊሰነጠቅ ይችላል። መፍትሔው ከወለሉ ሥር የጠጠር ንጣፍና ውኃ ማስወገጃ ቧንቧ መዘርጋት፣ ግፊቱ ሲጨምር የሚከፈት ቫልቭ ወለሉ ላይ ማስገባት፣ እና ከገንዳው ጎን የከርሰ ምድር ውኃ ከፍታ የሚታይበት ቀጥ ያለ ቧንቧ መቅበር ነው። ይህ የመጨረሻው በጣም ርካሽ ነው፤ ግን ኋላ ላይ የሚቆጨው እሱ ሲቀር ነው።

4. የውኃውን ጉዞ ንደፉ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። የገንዳ ውኃ ተሞልቶ አይቀመጥም፣ ይዞራል። ከዳር ሞልቶ ወደ ቦይ ይፈሳል፣ ከቦዩ ወደ ማመጣጠኛ ታንከር ይወርዳል፣ ፓምፑ ፀጉርና ቅጠል በሚይዝ ወንፊት በኩል ይስበዋል፣ በማጣሪያ ያልፋል፣ ይሞቃል፣ ክሎሪን ይጨመርበታል፣ ከወለልና ከግድግዳ በሚገኙ ቀዳዳዎች ተመልሶ ይገባል።

ማመጣጠኛ ታንከሩ ለምንድን ነው? ሰው ሲገባ ውኃ ስለሚወጣ ነው። 60 ሰው አንድ ላይ ቢገባ 4 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ከዳር ይገፋል። ያንን የሚቀበል ታንከር ከሌለ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ሰዎቹ ሲወጡ ደግሞ ገንዳው ጎድሎ ይቀራል፣ የታከመና የሞቀ ውኃ በከንቱ ጠፍቶ።

ፍጥነቱም ይሰላል። ለዋና ገንዳ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ሙሉው ውኃ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ አንዴ እንዲጣራ ነው። 560 ሜትር ኩብ በ4 ሰዓት ማለት በሰዓት 140 ሜትር ኩብ ነው። ፓምፑን፣ ማጣሪያውን፣ የቧንቧውን ስፋት የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። የሕፃናት ገንዳ ግን ውኃው ጥቂት፣ ጣጣው ብዙ ነው። እሱ ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ መዞር አለበት፤ የራሱ ፓምፕና የራሱ ማጣሪያም ይኑረው። ምክንያቱም አደጋው የሚደርሰው እዚያ ነው። አንድ ሕፃን ተቅማጥ ቢያመልጠው ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ተውሳክ በተለመደ የክሎሪን መጠን ከ10 ቀን በላይ ይቆያል። ሁለቱ ገንዳዎች ውኃ ከተጋሩ ሁለቱንም ትዘጋላችሁ። አቅም ካለ በመስመሩ ላይ የአልትራቫዮሌት መብራት ጨምሩ፤ ክሎሪን ያቃተውን እሱ ያዳክመዋል።

ስለ ክሎሪን ካነሳን አይቀር፦ "ዛሬ ክሎሪኑ በዝቷል፣ ይሸታል" ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። የሚሸተው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ክሎራሚን ነው። ዓይን የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ስለዚህ ሻወር ሳይወስዱ መግባትን መከልከል የማጣሪያውን ያህል ይሠራል።

ፒኤች፣ ማለትም ውኃው ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይን እንደሆነ የሚያሳየው ልክ፣ ደግሞ የክሎሪን አለቃ ነው። በ7.2 ላይ ከጨመራችሁት ክሎሪን ሁለት ሦስተኛው ጀርም ሊገድል በሚችል ሁኔታ ላይ ይሆናል። ፒኤቹ 8 ከደረሰ ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ልኬታችሁ ላይ ክሎሪኑ ልክ ይመስላል፣ ግን እጁ ታስሯል። ከ7.2 እስከ 7.6 ያዙት። ነፃ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይሁን። በራሱ ለክቶ የሚጨምር መሣሪያ ግዙ፤ ቢሆንም ሰው በቀን ደጋግሞ በእጁ ይለካ።

አሁን ወደ ማሽን ክፍሉ። ሰፊ ይሁን፣ አየር ያግኝ፣ ወለሉ ላይ ውኃ ማስወገጃ ይኑረው። ክሎሪኑና አሲዱ በተለያየ ክፍል ይቀመጡ፤ መሙያ አፋቸውም በቀለምና በጽሑፍ ይለይ። ፈሳሽ ክሎሪንና አሲድ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ያውም በደቂቃ። እና በሩን ለኩ። እኔ ያየሁት አንድ ገንዳ ላይ ሁሉም ነገር አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ማጣሪያው በጭነት መኪና መጣ። ክብ ነው፣ ከሰው ቁመት በላይ። በሩ ጋ ሲደርስ አልገባም አለ። አንዱ በሜትር ለካ፣ ሌላው እንደገና ለካ፣ ደጋግመው ሲለኩት በሩ የሚሰፋ ይመስል። በመጨረሻ አዲሱ ግድግዳ ፈረሰ። ስለዚህ ጥያቄው "ይገባል ወይ?" ብቻ አይደለም። ከ15 ዓመት በኋላ አርጅቶ ሲወጣ በየት በኩል ነው? ብላችሁም ጠይቁ።

5. ጥልቀትና አደጋ

ልጆች የሚቆሙበት ክፍል ወለሉ ቀስ ብሎ ይውረድ፣ በየ12 ሜትሩ ከ1 ሜትር ባልበለጠ። ድንገት ገደል የሚሆን ወለል ዋና የማይችለውን ያሰምጣል። የመወዳደሪያ መነሻ መድረክ ካለ ከግድግዳው ከ1 እስከ 6 ሜትር ባለው ርቀት ውኃው ቢያንስ 1.35 ሜትር ይጥለቅ። የመዝለያ ሳንቃ ከተፈለገ ነገሩ ይለወጣል። ለ1 ሜትሩ ሳንቃ ብቻ 3.4 ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል። የእኔ ምክር ይቅርባችሁ ነው። ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር በትልቁ ይጻፍ።

የወለል መውጫ ቀዳዳ ላይ ቀልድ የለም። ፓምፕ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ከሳበ የልጅን አካል ወይም ፀጉር አጣብቆ ሊይዝ ይችላል፤ ጎልማሳ እንኳ ጎትቶ ላያላቅቀው ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚህ ላይ ብቻ ሕግ ያወጣችው በ2002 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ እንዲህ ሆና ስለሞተች ነው። በአንድ ፓምፕ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀዳዳ፣ በመካከላቸው 1 ሜትር ያህል ርቀት፣ ፀጉር የማይጠልፍ ክዳን። ክዳን የተነቀለ ዕለት ገንዳው ይዘጋል። በቃ።

ለመግቢያ ደረጃና ተዳፋት አድርጉ። የተዳፋቱ ልክ 12 ሜትር ርዝመት ላይ 1 ሜትር መውረድ ነው፤ በሁለቱም ጎን መደገፊያ ይኑረው። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ሰው ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውኃው ማንንም ሳይለምን መድረስ አለበት።

ገንዳው ጣሪያ ያለው ከሆነ አንድ ታሪክ ለመሐንዲሱ ንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1985 በስዊዘርላንዷ ኡስተር ከተማ የአንድ መዋኛ አዳራሽ የኮንክሪት ኮርኒስ ወድቆ 12 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ገና 13 ዓመቱ ነበር። ኮርኒሱን ያንጠለጠሉት "የማይዝጉ" ብረቶች ከገንዳው አየር በመጣ ክሎራይድ ከውስጥ ተሰነጣጥቀው ነበር። ከውኃው በላይ የሚንጠለጠል ብረት ሁሉ ዓይነቱ በጽሑፍ ይገለጽ፤ በየጊዜው የሚመረመርበት መውጫም ይኑረው። የአዳራሹ አየር ከውኃው በ1 ዲግሪ ገደማ ሞቅ ብሎ ይያዝ፣ ትነቱ እንዲቀንስ። ማታ ማታ ገንዳውን በሽፋን መክደን ከየትኛውም ዘመናዊ መሣሪያ በላይ ኃይል ይቆጥባል፤ የገንዳ ሙቀት በአብዛኛው የሚጠፋው በትነት ነውና።

6. ግንባታው

ኮንትራክተር ስትመርጡ ስንት ሕንፃ እንደሠራ ሳይሆን ውኃ የሚይዝ ነገር ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ። ታንከር፣ ገንዳ፣ ማጠራቀሚያ። የሠራውን ሂዱና እዩ፤ ዘበኛውን ያፈስ እንደሆነ ጠይቁ፤ እሱ እውነቱን ይነግራችኋል።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ቁፋሮ፣ የጠጠር ንጣፍና ማስወገጃ ቧንቧ፣ ስስ ኮንክሪት፣ ፌሮ፣ በወለልና በግድግዳ የሚቀበሩ ቧንቧዎች። ቧንቧዎቹ ኮንክሪት ሳይሞላባቸው በውኃ ግፊት ይፈተሹ፤ ከተሞላ በኋላ የሚያፈስ ቦታ በመዶሻ ነው የሚፈለገው። ከዚያ ወለሉ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ይሞላል። ትናንት የተሞላውና ዛሬ የሚሞላው የሚገናኙበት መስመር ላይ ውኃ ማገጃ ጎማ ይግባ። ገንዳ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ በዚያ መስመርና ቧንቧ ግድግዳ በሚበሳበት ቦታ ነው። ኮንክሪቱን ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ አጠጡት፣ ሳይደርቅ። ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው።

አሁን ሴራሚኩን ለመለጠፍ እጅ ያሳክካል። ቆዩ። ባዶውን ኮንክሪት ውኃ ሙሉትና ለ7 ቀን ተዉት። ውኃው ቢቀንስ አፈሰሰ ወይስ ተነነ? ባልዲ ይለየዋል። ባልዲ በገንዳው ውኃ ሙሉና ደረጃው ላይ አስቀምጡ፣ አፉ ከውኃው በላይ ሆኖ። የባልዲውን ውኃ ከፍታ በውስጥ፣ የገንዳውን በውጭ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በማግስቱ እዩ። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ፀሐይ ናት። የውጪው መስመር የበለጠ ከወረደ ያፈሳል። ግድግዳውን ከውጭ ደግሞ አፈር ሳይሞላበት ዞራችሁ እዩት፤ እርጥብ ቦታ ራሱን ያሳያል። በነገራችን ላይ ይህ ጭንቀት የእኛ ዘመን ብቻ አይደለም። ከ4,000 ዓመት በላይ በፊት፣ በዛሬዋ ፓኪስታን በምትገኘው ጥንታዊት የሞሄንጆ ዳሮ ከተማ የተሠራው 12 በ7 ሜትር ገደማ የሆነ መታጠቢያ ውኃ እንዳያሳልፍ ሬንጅ ተለብጦ ነበር።

ርዝመቱንም ከሴራሚክ በኋላ ለኩት። ውድድር የሚካሄድበት ከሆነ በሁለቱም ጫፍ የሚሰቀለው፣ ዋናተኛው ሲነካው ሰዓት የሚያቆም ሰሌዳ በእያንዳንዱ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ገንዳው 25.02 ሜትር መሆን አለበት። 24.99 የሆነ ገንዳ ላይ የተሰበረ ሪከርድ ፉርሽ ነው።

7. መልበሻና ሻወር

አንድ ሕግ ይበቃል፤ በጫማ የሚረገጠውና በባዶ እግር የሚረገጠው ወለል አይገናኙ። ሰው ከመግቢያው ወደ መልበሻ፣ ከመልበሻ ወደ መጸዳጃና ሻወር፣ ከሻወር ወደ ገንዳ ይሂድ። ሻወሩን ሳያልፍ ገንዳ ጋ የሚያደርስ በር አይኑር። ሴራሚኩ እርጥብ ሆኖ የማያንሸራትት ይሁን፤ ናሙናውን ውኃ አፍስሳችሁበት በባዶ እግር ቁሙበት። ለቤተሰብና ድጋፍ ለሚሻ ሰው የሚሆን ሰፊ ክፍልም ይጨመር።

8. ነፍስ አድኖቹ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300,000 ሰዎች ገደማ ሰምጠው እንደሞቱ ይገምታል። የሚሰምጥ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም፤ አፉ ውኃ ውስጥ ነው፣ እጁም ለመንሳፈፍ ተይዟል። ስለዚህ ነፍስ አድን የሚፈለገው ለዓይኑ ነው። በሙያው የታወቀ መለኪያ አለ፤ የሚጠብቀውን ክልል በ10 ሰከንድ ቃኝቶ ችግሩን ያያል፣ በ20 ሰከንድ ውስጥ ይደርሳል።

ይህን ከንድፉ ጋር አገናኙት። የወንበሮቹ ቦታ ሲወሰን ከዓምድ ጀርባ ወይም ከመንሸራተቻ ሥር የማይታይ ጥግ መኖሩን ፈትሹ። የከሰዓት ፀሐይ ውኃው ላይ አብረቅርቆ ወለሉን ይደብቃል፤ ወንበሩ ጀርባውን ለፀሐይ ይስጥ። ሠራተኞቹ ከመከፈቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በፊት ተቀጥረው ይሠልጥኑ። የማሽን ኦፕሬተሩ ግን ከዚያም በፊት ይምጣ። ቧንቧው ሲገጠም ቆሞ ያየ ሰው ቫልቭ ሲበላሽ የት እንደተቀበረ ያውቃል።

9. ርክክብና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የመጨረሻው ክፍያ ሳይወጣ የተሠራው ትክክለኛ ሥዕል፣ የመሣሪያዎቹ መመሪያና የዋስትና ወረቀት በእጃችሁ ይግባ። እያንዳንዱ ቫልቭ ቁጥር ይንጠልጠልበት፤ የቁጥሮቹ ዝርዝር በማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የመብራት ሥራው በባለሙያ ተፈትሾ ይፈረም፤ ውኃው ዳር ያሉ ብረቶች በሙሉ ከመሬት ማሰሪያ ጋር መገናኘታቸውም ይታይ።

ከዚያ ሥርዓቱን ያለ ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል አዙሩት። ማጣሪያውን በተቃራኒ ፍሰት እጠቡ፣ ግፊቱን መዝግቡ፤ ንጹሕ ሲሆን የሚያነበው ቁጥር በኋላ መቼ መታጠብ እንዳለበት የምታውቁበት ነው። የፓምፑን መብራት ሆን ብላችሁ አጥፉና ክሎሪን መጨመሪያው አብሮ መቆሙን እዩ። ፓምፑ ቆሞ እሱ ከቀጠለ የተጠራቀመው ኬሚካል ኋላ ላይ በአንድ ጊዜ ገንዳው ውስጥ ይገባል።

በሩን ስትከፍቱ በግማሽ ሰው ጀምሩ። ነፍስ አድኖቹ በዚያ ሳምንት ሳይነገራቸው ይፈተኑ፤ አሻንጉሊት ወለሉ ላይ አስተኙና ሰዓት ያዙ። የመጀመሪያውን ባዶ የማድረጊያ ቀንም አሁኑኑ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ዝቅ በሚልበት ወር። ያን ዕለት ቫልቩን ከመክፈታችሁ በፊት በዚያች ርካሽ ቧንቧ ውስጥ ሜትር ጣል አድርጉ።